ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ

እኔ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። አልችልም አልኩ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ! አባቴ ቤተ ልሔም አካባቢ የድጓ መምህር ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም ዳዊት ያስደገሙኝም እሳቸው ናቸው። አፉን ዘግቶ መጽሐፍ የሚያይ ተማሪ ሲያገኙ «ታነባለህ ወይስ ታፈጣለህ?» ይሉታል። እኔም እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም እያነበነብኩ ነው አንደኛ የወጣሁት። መምህሮቼ ለምደውኝ ጥግ ላይ ያስቀምጡኝ ነበር።

አምና አንድ ኮሌጅ ሕክምና በነፃ ሊያስተምር ተማሪ በፈተና መረጠ። በእኛ ቤት አቅም ሐኪም የምሆንበት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ፈተናው ንፋስ መውጫ ከተማ፣ በኮምፒውተር ነው። የሚጠብቀን ሰው አይደለም፤ ስክሪኑ አናት ላይ ያለች ካሜራ ናት። ጥያቄውን በለሆሳስ እያነበነብኩ ሠራሁት። ውጤቱ እዚያው ወጣ፤ ከመቁረጫ ነጥቡ በላይ! ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በደስታ አለቀስኩ።

በሳምንቱ በስልኬ መልእክት መጣ። ውጤትሽ ተሰርዟል፣ በፈተና ሰዓት ከሰው ጋር ስትነጋገሪ ሲስተሙ ይዞሻል ይላል። እርር ድብን አልኩ። ከማን ጋር? ከግድግዳው ጋር?

አባቴን ይዤ የፈተናው አስተባባሪ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ «ልጄ፣ ይህች ልጅ የምታነበው እንዲህ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለም የኔ ነው» አሉት።

ሰውየው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። «የኔታ፣ እኔ ምን ላድርግ? የሚወስነው ሲስተሙ ነው። ግን ደግማ እንድትፈተን አስፈቅድላታለሁ። ከንፈሯ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ» አለ።

ደግሜ ተፈተንኩ። ከንፈሬን በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት። ያኔ ጉዴ ፈላ! ቃሉን አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም። አንቀጹ መሃል ስደርስ መነሻው ይጠፋኛል። ተመልሼ ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ ከንፈሬ ላይ ነው። አፌ ደም ደም አለኝ፣ ሰዓቱም አለቀ። ከመቁረጫው በታች፣ ያውም በጣም በታች ወጣሁ። ይሄ ፍርደ ገምድል ማሽን የሚለካው ሐኪም መሆን መቻሌን ነው ወይስ አፍ መዝጋት መቻሌን? በሽተኛ ላነጋግር አይደል እንዴ የምማረው?

ከአባቴ ጋር ተመልሰን ሄድን። «በቃ፣ የመጀመሪያው ይያዝልኝ! የኔ ውጤት እሱ ነው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

አስተባባሪው ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሲስተሙ ሁለተኛውን አይቶ የመጀመሪያው መኮረጁ ተረጋግጧል ብሏል። ሰውየው እኔን ትቶ ወደ አባቴ ዞረ።

«አዩ የኔታ? የሚነግራት ሰው ሲታጣ አልቻለችም» አላቸው፣ አዝኖ።

አባቴ ስክሪኑን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ የነገረሽ ሰው ነበረ እንዴ?» አሉኝ።