የጋሽ ታከለ ዓሣዎችና ሦስቱ በርሜሎች

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ሰላም ከባሕር ዳር ደወለች። መጀመሪያ አራት ፎቶ በስልኬ ላከች፣ ሳልከፍተው ደግሞ “አየሽው? አየሽው?” እያለች ጆሮዬን አደነቆረችው። ግቢዋ ውስጥ ኩሬ አስቆፍራለች። ኮይ የሚሏቸውን ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣዎች ልታስገባበት ነው፤ የቀራት የውሃ ማጣሪያ መምረጥ ብቻ ነው። አንዱ ማጣሪያ ጥቁር ጋሎን ይመስላል፣ አንዱ ውስጡ መብራት አለው፣ ሌላው ምኑም አልገባኝ።

“እማ፣ ዕድሜ ልክሽን ቧንቧ ስትዘረጊ የኖርሽ አንቺ ነሽ፤ ምረጪልኝ” አለች።

ከጎኔ ባለቤቴ ግርማ ቅቅል ድንች እየላጠ ነበር። የጉና ድንች ነው፤ ትኩሱን በአዋዜ ሲበሉት ዝናቡንም ብርዱንም ያስረሳል። ፎቶውን አሳየሁትና ተያይተን ሳቅን። “ይቺ ልጅ ደግሞ ከየት አመጣችው?” አለ። ከየት ታመጣዋለች! ያለ ዓሣ ማጣሪያ እሷም ባልተወለደች።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከጉና ሥር፣ ከገብስ አገር ወርጄ የቧንቧ ሙያ ተምሬያለሁ። ሰርተፊኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ደብረ ታቦርን ከዳር እስከ ዳር ዞርኳት። “ሴት ልጅ ቧንቧ ትፈታለች እንዴ?” ይሉኛል። “ለመፍታትማ ማን ብሎኝ፣ እገጥማለሁም እንጂ” እላለሁ። ምላሴ ሹል ነበር፤ አሁንም አልደነዘም። ሥራ ግን የለም። አባቴ እስከ ቡሄ ጠብቆኝ፣ ካልሆነልኝ ወደ አገሬ እንድመለስ ተነጋግረናል። ብመለስ ያ ሁሉ ትምህርት ገደል ገባ ማለት ነው።

ጋሽ ታከለን ያገኘኋቸው በዚህ መሃል ነው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ጨርሰው፣ ጓሮው ሰፊ የሆነ የእንግዳ ማረፊያ ከፍተው ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደው የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ እነዚህን ቀለማም ዓሣዎች አዩና ልባቸው እዚያው ቀረ። ሰባቱን በውሃ በተሞላ ላስቲክ አድርገው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ ታቅፈው፣ በየከተማው እየወረዱ ውሃ እየቀየሩ አመጧቸው። ከተማው ጉድ አለ። “የማይበላ ዓሣ?” ይላል አንዱ። “ለፍልሰታ ነው የሚያደልቧቸው?” ይላል ሌላው። ጋሽ ታከለ ዱካቸውን ይዘው ኩሬው ዳር ቁጭ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ጎመን የተቀቀለበት ነበር የሚመስለው። አንዱ ዓሣ ሞተ። ጋሽ ታከለ ከኮክ ዛፏ ሥር ቀበሩትና ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በማግስቱ ማጣሪያ የሚሠራላቸው ባለሙያ አስጠሩ። ሁለት ሰው መጣን፤ እኔና አንድ ረጅም ቀጭን ኤሌክትሪሽያን። ይኸው አሁን ድንች የሚልጠው ግርማ! ያኔ ባሌ አይደለም፣ ተቀናቃኜ ነው፤ ዓይኑን ማየት አልወድም።

ግርማ ያቀረበው አዲስ አበባ የሚሸጥ ማሽን ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ያለው ጋን የሚያክል ዕቃና ውሃውን እየመጠጠ የሚያዞር ሞተር። እኔ ደግሞ ሦስት በርሜል አልኩ። በደረጃ ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ጠጠር፣ በአንዱ አሸዋ፣ በአንዱ ከሰል ይሞላል። ገበሬዎች መስኖ በሚያጠጡበት በእግር በሚረገጥ ፓምፕ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ በበርሜሎቹ እያለፈ ተጣርቶ ወደ ኩሬው ይመለሳል።

ጋሽ ታከለ ሁለታችንንም ሰሙን። ከዚያ ወደ ግርማ ዞሩ።

“መብራት ሲጠፋስ?”

“ይመጣል፣ ጋሼ።”

“መቼ?”

ግርማ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሳቄ ሊያመልጠኝ!

“አንቺስ? ፓምፑን ጠዋት ማታ የሚረግጠው ማን ነው?”

“እኔ!” አልኩ፣ ሳላስበው።

ሳቁ። “በይ፣ የአንቺው ይሁን። ዓሣዎቼ እስከ ቡሄ ካልሞቱ እዚህ የማሠራውን የአዲሱን ፎቅ ቧንቧ በሙሉ የምትዘረጊው አንቺ ነሽ። ከሞቱ ግን እኔና አንቺ አንተዋወቅም።”

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ምን ብዬ ልንገራችሁ! መሬት አልረገጥኩም። ፓምፑን ከይፋግ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ አመጣሁ፤ በሰኔ ጭቃ መኪናው ሁለት ጊዜ ተይዞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ እኔ ከፓምፔ ጋር ላይ ቁጭ። ጠጠሩን ከወንዝ ለቅሜ አጠብኩ። በርሜል የሰጡኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ የማረፊያው ጠላ ጠማቂ፣ ከፊታቸው ሳቅ የማይጠፋ ሴት። ተከልኩት፣ ረገጥኩት፣ ውሃው ወጣ! እልል አልኩ። በማግስቱ ባየው ግን ኩሬው ያው ጎመን ነው። በሳምንቱም ያው። በሁለት ሳምንቱም ያው። ግርማ በመንገድ ሲያገኘኝ “እግርሽ እንዴት ነው?” ይለኛል። አንጀቴ እርር!

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ፓምፑ ላይ ወጥቼ ልረግጥ ስል፣ የኩሬው ወለል ታየኝ። ድንጋዩ! አንድ በአንድ! ስድስቱ ዓሣዎች በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገለባበጡ ፀሐይ እንደ ብርቱካን ታበራቸዋለች። “ጋሼ! ጋሼ ይምጡ!” ብዬ ጮህኩ፤ ሰውየው በሌሊት ልብሳቸው ሮጠው ወጡ። ከዚያ ከተማው ጎረፈ። ለመርገጥ ወረፋ ሆነ እኮ! የቅኔ ቤት ተማሪዎች ሳይቀሩ እየመጡ ፓምፑ ላይ ወጥተው፣ የዕለቱን ትምህርታቸውን በግዕዝ እያዜሙ በዜማው ይረግጡታል። የሚያስቁ ነበሩ።

እዚህ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። የቡሄ ዋዜማ በርሜሎቹን ከፍቼ አየሁ። ጠጠሩ ላይ ቡናማ የሚያሟልጭ ነገር ለብሶበታል፣ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። በነጋታው እንግዳ ይመጣል፤ ይህን ቢያዩ ምን ይሉኛል? እኔ ጋን በግራዋ ካልታሸና በወይራ ካልታጠነ ጠላ አይጠመቅም ከሚባልበት ቤት የወጣሁ ልጅ ነኝ። ያልታጠነ ዕቃ ያላት ሴት ስሟ ይነሳል። እትዬ ዘውዴ ገበያ ስለሄዱ ከግቢው ግራዋ ቆረጥኩ። ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ በርሜሎቹን አረፋ እስኪያወጡ አሸሁ፣ ለቅለቅ አደረግኩ፣ በወይራም አጠንኩ። አመሻሹ ላይ ፓምፑን ረግጬ ውሃውን አሳለፍኩና እየዘፈንኩ ገባሁ።

በማግስቱ ከየቤቱ የሙልሙል ዳቦ ይሸታል። እኔን የቀሰቀሰኝ የጋሽ ታከለ ጩኸት ነው። ስደርስ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። አንዱ በጎኑ ተኝቷል። የኩሬው ዳር ዳር ነጭ አረፋ ይዟል።

የማረፊያው ዘበኛ “ጌታዬ፣ ትናንት ማታ ያ ኤሌክትሪሽያን በርሜሎቹ ላይ ጎንበስ ብሎ አይቼዋለሁ” አለ።

“ቀንቶ ነዋ!” አሉ ጋሽ ታከለ። “መርዝ ጨምሮበት ነው! ሂድ፣ ፖሊስ ጥራ!”

አረፋውን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። መረረኝ። ግራዋዬ ነው። እውነቴን ልንገራችሁ፣ ዝም አልኩ። ዘበኛው ዱላውን አነሳ፣ ዝም። ጋቢውን አስተካከለ፣ ዝም። መሄድ ጀመረ፣ አሁንም ዝም። ፎቁ ታየኝ፣ ቧንቧው ታየኝ፣ አባቴ ታየኝ። ግርማ ደግሞ ታስሮ ታየኝ። ዘበኛው በሩ ጋ ሊደርስ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ድምፄ ወጣ።

“ተመለስ! እኔ ነኝ! በግራዋ አጠብኳቸው! በወይራም አጠንኳቸው!”

ጋሽ ታከለ አፈጠጡብኝ። “አጠንሽ? ዓሣዎቹ ጠላ ሊጠጡ ነው?”

በጩኸቱ የመጡት እትዬ ዘውዴ ጠጠሩን አንስተው አሸተቱና ራሳቸውን ያዙ። “አይ ልጄ! ጋን መሰለሽ? ይኼ እኮ ቡሃቃ ነው! የሊጥ ዕቃ ሙልጭ አድርጎ ማን ያጥባል? እርሾውን እኮ ነው የደፋሽው!”

ያኔ ገባኝ። አራት ሳምንት ሙሉ ውሃውን ያጠራው ጠጠሩ አልነበረም፤ ጠጠሩ ላይ ያደገው፣ እኔ ያፈርኩበት፣ እንደ እርሾ ሕያው የሆነው ያ የሚያሟልጨው ነገር ነበር። ለጠላ ጠማቂዋ የገባቸው ለእኔ ለባለሰርተፊኬቷ አልገባኝም።

በዚህ መሃል ግርማ ሞተር ተሸክሞ በበሩ ገባ። ማንንም አልጠየቀም። ደግነቱ መብራት ነበረ። ሽቦውን ሰካ፣ ውሃውን ወደ ላይ እየረጨ እንዲመለስ አደረገው፤ ዓሣዎቹ አየር እንዲያገኙ። እንግዳው ሁሉ የቡሄ ልብሱን ሰብስቦ ከምንጭ በባልዲ ንጹሕ ውሃ ማመላለስ ጀመረ። እኔ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወደ ወንዝ በረርኩ፤ ዝቃጭ የለበሰ፣ የሚያሟልጭ ጠጠር እየለቀምኩ፣ እየወደቅኩ፣ እየተነሳሁ። በርሜሎቹን በእሱ ሞላናቸው። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ሞተው ነበር። አራቱ ግን ወደ ታች ወርደው መዋኘት ጀመሩ። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ እልል አለ፤ እኔ ግን ጭቃዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር ጋሽ ታከለ መጡ።

“የት ልትሄጂ ነው?”

“ሁለቱ ሞተዋል፣ ጋሼ። የተባባልነውን ያውቁታል።”

“አራቱን አላየሻቸውም? ነገ የፎቁ ቧንቧ ቢያፈስ በሲሚንቶ ለስነሽ እንደማትደብቂብኝ አወቅሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ከዚህ ልጅ ጋር ትሠሪያለሽ። መብራት ሲኖር የሱ ሞተር፣ ሲጠፋ የአንቺ እግር፤ በርሜሎቹ ግን ከእንግዲህ አይነኩም።”

ፎቁ ሳያልቅ ተጋባን።

ይህን ታሪክ ድግስ በሆነ ቁጥር አወራዋለሁ። ሳወራው ግን ያቺን ዝምታ እዘልላታለሁ። “ወዲያው ተናገርኩ” እላለሁ፤ ሰውም ጀግና ይለኛል። ትናንት ለሰላም “ቀስ በቀስ የሚለምድ ጠጠር ያለበትን ምረጪ፣ ከመረጥሽ በኋላ ደግሞ እጅሽን አንሺለት” ብዬ ስልኩን ስዘጋ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ ግርማ ዞርኩ።

“አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ” አልኩት። “ያን ቀን ወዲያው አልተናገርኩም። ዘበኛው ሊያስይዝህ በሩ ጋ እስኪቃረብ ድረስ ዝም ብዬ ነበር።”

ድንቹን መላጡን አላቆመም። “አውቃለሁ” አለ።

“ማን ነገረህ?”

“ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር፣ ሞተሩን ተሸክሜ። ማታውን በርሜልሽን እንዴት አድርገሽ እንደሠራሽው ተደብቄ ላይ ብመጣ ግራዋ ሸተተኝ፤ ዓሣዎቹ አሳስበውኝ ሳልተኛ ነጋ። ጠዋት ስደርስ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ።”

“ታዲያ ገብተህ አትናገርም ነበር?”

“አንቺ እስክትናገሪ እየጠበቅኩ ነበር።”

“ባልናገርስ ኖሮ?”

አሁን ቀና ብሎ አየኝ። “መግባቱንስ እገባ ነበር፤ ዓሣዎቹ ምን አጠፉ? አራቱን አድኜልሽ እወጣ ነበር። አንቺን ግን ዳግመኛ ዓይንሽን አላይም ነበር።”

የተላጠውን ድንች አዋዜ ነክቶ አጎረሰኝ። ትዳሬ፣ ልጄ፣ ይህ ሁሉ ዓመት በዚያች አሥር እርምጃ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ሳላውቀው ኖሬያለሁ።