ስሜ የተጻፈበት ጄሪካን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። ዛሬም ሰው ቤት ውኃ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው የተቀዳበትን ዕቃ ነው። ሰው ንቀት ይመስለዋል። ይምሰለው።

አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ የምኖር ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ አካፋዬም መጥረቢያዬም ላይ ስሜን እጽፋለሁ። የአረም መድኃኒት ገዝቼ ስመጣም ጄሪካኑን በጋለ ሚስማር «ይማም» ብዬ እተኩሰዋለሁ። አለዚያ ጎረቤት ተውሶት ይቀራል።

በዚያ ክረምት የግብርና ሰዎች ሰበሰቡን። የመርዝ ዕቃ መጣልም መሸጥም በሕግ ክልክል ነው፤ ባዶውን ለቀበሌ አስረክቡ፤ መንግሥት በወጉ ያስወግደዋል አሉን። ሰማን። ያለንን ባዶ ጄሪካን ሁሉ በአህያ ጭነን የቀበሌው መጋዘን አስገባን። አጨበጨቡልን።

በቆሎው የሚሰበሰብበት ወቅት ሲደርስ ለገበያ አሶሳ ሄጄ ሀምዳን ቤት ጎራ አልኩ። ሀምዳን የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ እዚህ አገር ከሰፈርን ጊዜ ጀምሮ ወዳጄ ነው። ምራቱ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። ትንሿ ልጇም ከዚያው ተቀድቶላት እየጠጣች ነበር። ኩባያውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ዓይኔ ጥግ ላይ ከቆመው ጄሪካን አረፈ። የመድኃኒቱ ወረቀት ተፍቆ ተነሥቷል። ስሜ ግን አለ። የተጣመመችው «ማ» ሳትቀር የእጄ ጽሑፍ ናት።

ኩባያው ከእጄ ወደቀ። የልጅቷንም ቀምቼ ደፋሁት። አለቀሰች። ጄሪካኑ ላይ ያለውን ስሜን በጣቴ ሳሳየው ሀምዳን ሳቀ።

«ያንተ ስም ስላለ ውኃ ደግሞ ያንተ ሆነ?»

«የመርዝ ዕቃ ነው» አልኩት። «እርሻዬን የረጨሁበት።»

ሳቁ ቆመ። ምራቱ ከገበያ እንደገዛችው፣ በአመድና በኦሞ ደጋግማ እንዳጠበችው ነገረችን። ሽታ የለውም እኮ እያለች እጇን ታሻሽ ነበር። ከገዛችው ሰነባብቷል።

ልጅቷን ይዘን ጤና ጣቢያ ሮጥን። ሐኪሙ አሁን ምንም አይታይባትም፤ ወደፊት እንከታተላለን አለ። እናቷ ወደፊት ማለት መቼ ነው ብላ ጠየቀችው። የቀጠሮ ካርድ ጽፎ ሰጣት።

በማግስቱ ዕቃውን አስረክቡ ወዳሉን የግብርና ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ለካ መጋዘኑ ሲሞላ ዕቃው በመኪና ተጭኖ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ተደፍቷል። ከዚያ ቆራሌዎች ለቅመው ለገበያ አቅርበውታል። ኃላፊው አልካደም።

«ሕጉ አለ፣ አባቴ። የአፈጻጸም ክፍተት ነው።»

«ክፍተቱ የልጅ ሆድ ነው» ብዬው ወጣሁ።

ልጅቷ እስከ ዛሬ ደህና ናት፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። የእኔን ያወቅሁት ስሜ ስላለበት ነው። ከእኔ ጋር ሕግ አክብረው ያስረከቡት ጎረቤቶቼ ዕቃቸው ላይ ምንም አልጻፉም። የእነሱ ጄሪካን ዛሬ በማን ቤት ጥግ ውኃ ሞልቶ እንደቆመ አላውቅም። ኃላፊውም አያውቅም።