ስሙ ጠፍቶኝ «ንብ!» ያልኩ ዕለት

«ከሦስት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ እናጠቃለን» የሚል ትእዛዝ መጣ። እኔ የቦንጋው አስር አለቃ፣ በዚያው ማለዳ አሥራ አንድ አዳዲስ ወታደሮች ተመድበውልኝ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ስም ላይ ድሮም ዝንጉ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተብን። አንዱ ከምሽጉ በላይ ብቅ ሲል አየሁና «አንተ! ዝቅ በል!» አልኩ። አሥራ አንዱም ቀና ብለው አዩኝ! እግዜር ሲጠብቅ ማንም አልተመታም። የሻምበሉ አዛዥ አስጠርተው «ስማቸውን ያዝ፤ አለበለዚያ ታስጨርሳቸዋለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ዘዴ ፈጠርኩ። ከምሽግ ምሽግ እየዞርኩ «ስም ያወጣልህ ማነው? ለምን?» ማለት ጀመርኩ። ወይ ጉድ! ዝምተኛው ሁሉ አፉ ተፈታ። ለታደሰ ያወጡለት እናቱን ያዋለዱት ጎረቤት ናቸው። ከዋጫ የመጣው የባለሱቅ ልጅ የበኩር ስለሆነ «አወል፣ የመጀመሪያ» ብለው ያወጡለት አያቱ ናቸው። ከደካ የመጣው ደግሞ የንብ አርቢ ልጅ ነው። በተወለደ ዕለት የንብ መንጋ ቤት ገብቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ እሱና እናቱ ብቻ ሳይነደፉ ቀሩ። አያቱ «ይሄማ የተባረከ፣ የእግዜር ድርሻ ነው» ብለው ስም አወጡለት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ከጀርባቸው እንኳ እለያቸው ነበር።

በጥቃቱ ዕለት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። አቧራ ነው። ከግራ መትረየስ ተነሳ። የደካው ልጅ ሳያየው ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይሮጣል። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ስሙ የለም! ንቡ አለ፣ አያቱ አሉ፣ ስሙ ብን ብሏል።

«ንብ! ንብ ተነሳ!» ብዬ ጮህኩ።

በእኛ አገር ከዛፍ ላይ ቀፎ ያወረደ ሰው ይህን ሲሰማ «ምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ፊቱን ሸፍኖ ይደፋል። ተደፋ። ጥይቱ በላዩ አለፈ። አጠገቤ የነበረው የጎንደር ልጅ በዚያ እሳት መሃል «የት አለ ንቡ?» አይለኝ መሰላችሁ!

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ስም ጠራሁ። ስምንቱ «አቤት» አሉ። ዘጠነኛው፣ የደካው ልጅ ፊት ስደርስ ቆምኩ፤ ስሙ አሁንም የለም።

«አስራት ነኝ፣ አስር አለቃ» አለኝ እየሳቀ። አቅፌው አለቀስኩ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ታደሰና አወል ግን አልመለሱልኝም። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀበርናቸው። ጦርነት ምን ይወራለታል? ልጆች፣ እኔ ስለ ጀግንነት የማወራችሁ የለኝም፤ ሰዎቹን ግን አውቃቸው ነበር።

ከዓመታት በኋላ አስራት ከደካ ቦንጋ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ወንድ ልጅ ተወለደልኝ። ስም ያውጡለት» አለኝ።

«ታደሰ» አልኩ። ወዲያው ደግሞ አወል ትዝ አለኝና «አወልስ?» አልኩ። ገባው።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ቤት ውስጥ አወል እንለዋለን» አለኝ።

ልጁ ይኸው አደገ። በሁለቱም ሲጠሩት «አቤት» ይላል።