ሽበታሙ ድንጋይ

ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ካሜራ የገዛሁ ሰሞን ተራራ ፎቶ ማንሳት አስጠላኝ፤ እሱንማ ወደ ደባርቅ የሚያልፈው ቱሪስት ሁሉ ያነሳዋል። እኔ የማውቀው ቦታ ላይ ትንንሹን ነገር ልፈልግ ብዬ፣ አንድ ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ካለው የገብስ ማሳ ዳር በደረቴ ተኛሁ። ከፊቴ ቅርፊት የመሰለ ግራጫ የድንጋይ ሽበት የወረሰው ድንጋይ አለ፤ ሽበቱ ላይ ጤዛ ተንጠልጥሏል። አፍንጫዬ ሊነካው እስኪደርስ ተጠግቼ ፎቶ አነሳሁት።

በማግስቱ የማሳው ባለቤት ጋሽ ውበቱ እንቁላል ይዘው ቤቴ መጡ። «ያየኸውን እንዳትረሳ» ብለውኝ ሄዱ። ከሰዓት ደግሞ የማሳ ጎረቤታቸው ጋሽ ታከለ ማር ይዘው መጡ፤ እሳቸውም ያየሁትን እንዳልረሳ አደራ አሉኝ። ምን አይቼ ነው የማልረሳው? ግራ ገባኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች አስጠሩኝ። ለካ ያ ድንጋይ የሁለቱ ሰዎች ድንበር ኖሯል፤ እኔ ፎቶ አንስቼው እንደሄድኩ፣ በዚያው ዕለት ከሁለቱ አንዱ ነቅሎ ጥሎታል። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ካሜራውን ከፈትኩላቸው። ጋሽ ውበቱና ጋሽ ታከለም እዚያው ነበሩ፤ ሁለቱም አጎንብሰው አዩና በአንድ አፍ «ይኸው፣ እኔ ያልኩት ቦታ ነው» አሉ። እኔም ደግሜ አየሁት። ከሽበትና ከጤዛ በቀር ምንም የለበትም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቄሱ፣ ካሜራውን ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር አዩት። «ድንጋዩስ ያምራል፤ መሬቱ የታለ ልጄ?»

ማሳው ድረስ ወሰዱኝና «እንግዲያው የዚያን ዕለት የተኛህበት ላይ ተኛ» አሉኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ማሳ ነው። የት ጋ እንደምተኛ ጠፋኝ።