ኢድ እስኪያልፍ የቆየ መርዶ

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ በአንድ ዳቦ ቤት በር ሳልፍ፣ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ብስኩት ሽታ፣ ቅቤውና ቫኒላው ተቀላቅሎ፣ ድንገት መጣና ከአዲስ አበባ ብርድ አንስቶ ካርቱም አወረደኝ። በረመዳን መጨረሻ ሰሞን የሰፈራችን ሴቶች የኢድ ብስኩታቸውን በትልልቅ ትሪ ደርድረው፣ ትሪውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ዳቦ ጋጋሪው ይሄዱ ነበር፤ እኛ ልጆችም የተሰበረና ያረረ ካለ ይደርሰናል ብለን ከኋላቸው እንግተለተል ነበር። ያ ሽታ ለሌላው ሰው ኢድ ብቻ ነው። ለእኔ ኢድም ነው፣ ሰዓዳም ናት፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ከሆዷ ያልወጣው ጸጸትም ነው።

የምንኖረው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ጀርባ በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። አባቴ ደሴ አስተማሪ የነበረ፣ በፖለቲካ ተሳድዶ ድንበር የተሻገረ ሰው ነው፤ ካርቱም ከገባ በኋላ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ በማያምንበት ወረቀት ላይ ሁሉ ቀለም ሲያፈስ ይውል ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቼ፣ አማርኛዬ ግማሽ ጎኑ ዐረብኛ ሆኖ ያደግኩ ነኝ፤ ሰዓዳ በዚህ ስትስቅብኝ እንባዋ እስኪመጣ ነበር።

ሰዓዳ የወረባቦ ልጅ ናት። ሪያድ በሚባለው የካርቱም የሀብታሞች ሰፈር፣ ቀንም ሌትም እዚያው እየኖረች የሰው ቤት ትሠራ ነበር። እንደ እሷ ያሉ የወሎ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለኢድና ለዓረፋ ብቻ ነበር ከቤት የሚለቀቁት። የሚለቀቁትም በዋናው ቀን አይደለም፣ በዋናው ቀን የአሠሪዎቻቸው ቤት በእንግዳ ይጥለቀለቃልና ማን ሻይ ያቅርብ፣ ማን ብርጭቆ ይጠብ? የበዓሉ ትርፍራፊ በሦስተኛው ቀን ይሰጣቸዋል፣ እሱም ጀምበር እስክትጠልቅ ነው። ስለዚህ እናቴ ኢድን ወደ ሦስተኛው ቀን አዛወረችው። ክርስቲያኖች ብንሆንም በእኛ ቤት ኢድ የሚውለው ያኔ ነበር፤ አዲስ ልብስ የምለብሰውም፣ ቤቱ የሚታጠበውም በሦስተኛው ቀን ነበር። አባቴ ሲያሾፍ «የፈረንጅ አቆጣጠር አለ፣ የእኛ አቆጣጠር አለ፣ የእስላሙም አለ፤ የእናትሽ ግን ከሁሉም ይለያል» ይል ነበር።

እናቴ ለእነዚህ ሴቶች ለብቻው ያስቀመጠችው ድስት ነበራት። የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ በላይ ይቀመጥና ለኢድና ለዓረፋ ብቻ ይወርድ ነበር። ዶሮውን የሚያርደው ጋሽ ሙሄ ነበር፤ ድንበሩ አጠገብ ባለችው ገዳሪፍና በካርቱም መካከል የጭነት መኪና የሚነዳ፣ አልፎ አልፎም አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ፣ እሱም የወሎ ሰው፣ የሁላችንም ፖስታ ቤት። አርዶ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ ቤቱ ለሴቶቹ ይለቀቃል፤ አንዷ ጸጉር ትሠራለች፣ አንዷ ወጥ ታማስላለች፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳትሠራ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች። እናቴ የተኛችውን ማንም እንዲቀሰቅስ አትፈቅድም ነበር። «ሰው በበዓል ቀን የኔ ነው የሚለው ካጣ፣ ዓመቱን ሙሉ እንደተጣለ ዕቃ ነው የሚሰማው» ትለኝ ነበር።

የማወራው ነገር የሆነው በክረምት፣ ክረምት ስል የሱዳኖቹን ማለቴ ነው፣ ሰሜን ነፋስ አቧራውን አቀዝቅዞ የሚያመጣበት፣ ካርቱም እንኳ ሹራብ የምትለብስበት ወቅት ነበር። ረመዳን አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሄ ሳይጠበቅ መጣ። ጾሙ ከንፈሩን አድርቆታል። እኔ በረንዳው ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ እሱ ከእናቴና ከአባቴ ጋር በሩ ሥር ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሰዓዳ እናት ሞተዋል፤ ከተቀበሩ ወር አልፏቸዋል» ሲል ሰማሁት።

አባቴ «ዛሬውኑ ይነገራት» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «የት? ሰው ቤት በር ላይ ጠርተን? ማን አቅፏት ያለቅሳል? ዕንባዋን በቅጡ ሳትጠርግ ሳህን እጠቢ ሊሏት?» አለች። «ኢዷን ደስ ብሏት ትዋል። በዓመት ሁለት ቀን ነው ያላት። ከዚያ በኋላ ፈቃድ አስፈቅደን፣ ሰው ሰብስበን፣ በማለዳ በሥርዓቱ እናረዳታለን።»

ይህን የማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስለው ይሆናል። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲሁ የሚወረወር ወሬ አይደለም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ትከሻ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እናቴ የዘገየችው ከፍቅር ነው፤ አሁንም ቢሆን በዚህ አልጠራጠርም።

በኢድ በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ ከሁሉም ኋላ መጣች። እጇ ላይ አንድ ጥቅል ነበር፤ ገና ሳትቀመጥ ፈታችው። አሮጊት የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ዓይነት፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥልፍ ያለው ነጭ ቶብ ነው። እንደ ትልቅ ነጠላ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን ያን ልብስ የአሠሪዋ ሾፌር ከኦምዱርማን ገበያ እንዲገዛላት ለምና ነው ያስመጣችው። «ለእማዬ ነው! ወላሂ፣ ለብሳው መስጊድ ስትገባ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዓይኑ ይቀላል!» አለችና አስነስታ ያዘችኝ፤ ቶቡን ዙሪያዬን ጠቀለለችብኝ፣ ወገቤን ጎበጥ አድርጌ እንድሄድ አሳየችኝ፣ «ልክ እንዲህ ነው የምትሄደው፣ እንዲህ እያነከሰች!» እያለች ሳቀች። እኔም ማየት የለመድኩትን አሮጊት ሁሉ አስመስዬ «ሐቡባ፣ አያት ሆንኩ!» አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ እናቴ ሰዓዳ ሳትደርስ ነግራቸዋለች። ሁሉም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር። እናቴ ወጡን ላየው ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች።

አመሻሹ ላይ ሰዓዳ ቶቡን አጣጥፋ ለጋሽ ሙሄ ሰጠችው። «በእጅዎ ነው የሚሰጡልኝ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ። ጉልበቷን እያመማት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ረመዳኑን ሙሉ ለጤናዋ ዱዓ ሳደርግላት ነው የከረምኩት በሉልኝ።» ጋሽ ሙሄ ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መሬት መሬት እያየ «ኢንሻአላህ» አለ። እሷን የሚመልሳት አውቶብስ እንደሄደ ጥቅሉን እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠውና «እታለም፣ እኔ ይሄን ተሸክሜ መኪና መንዳት አልችልም» ብሎ ወጣ። እናቴ ቶቡን ከድስቱ ጎን ቁም ሣጥኑ ላይ አኖረችው።

ከዚያ በጋው ገባ፤ ግድግዳው በሌሊትም የሚፋጅበት፣ የአቧራ ማዕበሉ ቀኑን የሚያጨልምበት በጋ። እናቴ አንድ ጊዜ እኔን አስከትላ ሪያድ ሄዳ ለሰዓዳ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ የቤቱ እመቤት የልጃቸው ሰርግ ስለደረሰ እስከ ዓረፋ መጠበቅ አለባት አሉ። ሁለተኛ ስንሄድ ዓረፋ ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ሴትየዋ አሁንም ሲያመነቱ እናቴ ሌላ መላ አጣችና እውነቱን ነገረቻቸው። «እናቷ ሞታለች፤ አርብ ጠዋት መጥተን ወስደን እንነግራታለን፣ እስከዚያ እባክዎ አደራ፣ አይንገሯት» አለች፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ። ሴትየዋ ነገሩ በደንብ ገብቷቸው ነበር። ያልገባቸው ለምን እንደሚደበቅ ነው። እናቴን ብዙ አዩዋትና ራሳቸውን ነቅንቀው በሩን ዘጉ።

አርብ ጠዋት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሙሄ ከገዳሪፍ ሌሊቱን ነድቶ ደርሷል፣ ፍራሽ ተነጥፏል። እናቴና እኔ ሰዓዳን ልናመጣት ሪያድ ስንደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሱዳን ሴቶች ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ሰዓዳ፣ ዓይኗ አብጦ። እመቤቲቱ እጇን ይዘዋታል። አንዲት ጎረቤት ከኋላችን ገብታ፣ እንደ ሱዳኖቹ የለቅሶ ልማድ ሁለት መዳፏን ወደ ሰማይ ዘርግታ «አል-ፋቲሃ» አለች፤ ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሰዓዳም ዘረጋች። እመቤቲቱ እስከ አርብ ሊቆዩ አልቻሉም ነበር፤ በአገራቸው ሞት ተሰምቶ አያድርም። እናቴ በነገረቻቸው ማግስት ነግረዋታል። ጎረቤቱን ጠርተው አስቀምጠዋታል፣ ሦስት ቀን ማንም ሳህን እጠቢ አላላትም።

እናቴ እንዳየቻት ጮኻ ልታቅፋት ሄደች። ሰዓዳ አልተነሣችም።

«እታለም፣ መቼ ነው የሰማችሁት?»

«ሰዓዳዬ፣ በረመዳን…»

«በኢዱ ታውቁ ነበር? ልጅቷን ቶብ አልብሼ ሳስቃችሁ?»

«በዓልሽ እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው እኮ!»

«በዓልማ በየዓመቱ ይመጣል» አለች ሰዓዳ፣ ሳትጮህ። «እናቴ አፈር ገብታ ሳለ እኔ ለጉልበቷ ዱዓ ሳደርግ ከረምኩ። ለሞተ ሰው የሚደረገውን ዱዓ ነበር ከእኔ የምትጠብቀው። እሱን አላደረስኩላትም።»

እናቴ እዚያው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማን አቅፏት ያለቅሳል ብላ የፈራችላት ልጅ በባዕዶች ታቅፋ፣ ዘመድ ነን ያልነው እኛ እንደ እንግዳ ጥግ ይዘን ዋልን።

ዓረፋ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ድስቱ ወረደ፣ ሌሎቹ ሴቶች መጡ፣ ሰዓዳ አልመጣችም። የካርቱም ዝናብ ገባ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆነ፤ እናቴ ጋሽ ሙሄን ሽማግሌ አድርጋ ላከችው። ይዞት የመጣው መልስ «ቂም አልያዝኩም በሏት። ግን ስስቅ ያየኝን ዓይን መልሼ ማየት ከበደኝ» የሚል ነበር። በሚቀጥለው ኢድ እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትወጣ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሰዓዳ ባለ ሱቅ አግብታ ከነጭ አባይ ድልድይ ማዶ ኦምዱርማን ገባች፣ ልጆች ወለደች። ሞባይል በየሰው እጅ ሲገባ የሷም ቁጥር እኛ ዘንድ ደረሰ፤ እናቴ በራሷ ስልክ ላይ እንድመዘግብላት አደረገች። እኔም በየበዓሉ «ደውይላት» እላት ነበር። «ዛሬ ኢድ ነው፤ ከልጆቿ ጋር ደስ ብሏት በምትውልበት ቀን ቁስሏን ልንካባት?» ትለኝ ነበር። «ኢዱ ይለፍና።» ኢዱ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያለ በዓል በምን ሰበብ ልደውል ትላለች። እንዲህ ሲባል ብዙ ኢድ አለፈ።

እናቴ የሞተችው በረመዳን የመጨረሻ ቀን ነው። በነጋታው ኢድ ነበር። ለቅሶ ቤቱ የተሰበሰቡት ትልልቅ ሴቶች «ለሰዓዳስ?» ተባብለው፣ «በዓሏን አናበላሽባት፣ ሲያልፍ ይነገራታል» ብለው ተስማሙ። እኔ ስልኩን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁና ደወልኩ። ከወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ስሜን ነገርኳትና «እናቴ አርፋለች» አልኳት።

«መቼ?» አለች።

«ትናንት።»

«ትናንት» አለች፤ ቃሉን በእጇ መዝና እንደምታየው ሁሉ። «መጣሁ።»

አዲስ ልብስ በለበሰ ሰው በተሞላ አውቶብስ ድልድዩን ተሻግራ መጣች። እጇ በኢድ ሂና ጠቁሯል፤ ያንኑ እጅ በራችን ላይ ዘርግታ ቆመች። «አላህ ያጥናሽ» አለችኝ፣ ከዚያ «እታለም፣ እታለም» እያለች እናቴ ትተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ተደፋች። ስትረጋጋ ከቁም ሣጥኑ ላይ ጥቅሉን አውርጄ ሰጠኋት። ቶቡ በታጠፈበት በኩል ትንሽ ቢጫ ሆኗል። አልጠየቀችኝም፤ አወቀችው። በበዓል ቀሚሷ ላይ ጠቀለለችውና ለእናቷ የገዛችውን ነጭ ቶብ ለብሳ ለእናቴ ሦስት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ለመጡት ለወሎ ሴቶች የሚሆነውን ወጥ፣ ድስቱን ከጨርቁ ፈትታ፣ እሷው ሠራች።

ዛሬ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የዘመኑ ወሬ አይዘገይም፤ በበዓል ዋዜማ አበባና ሻማ ያለበት የመልካም በዓል ምስል ስልኬን ሲያጥለቀልቀው፣ በመካከሉ የአንድ ሰው ሞት ይመጣል፤ ከሥሩ ሁላችንም የሚያለቅስ ፊት እንልክና ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ያን ጊዜ ትከሻው ተዘጋጅቶ ወሬው ይደበቅ ነበር፤ አሁን ወሬው ቀድሞ ደርሶ ትከሻውን አጣነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበትን ቀን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያም እናቴ በሌለችበት ነው። ሰዓዳ አሁንም በየኢዱ፣ በሦስተኛው ቀን ትደውልልኛለች። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም እናወራለን፤ ከዘጋሁ በኋላ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያንን ድልድይ ነው። ከእኛ ቤት ወደ እሷ ቤት ለመድረስ የሚያሻው አንድ አውቶብስ ብቻ ነበር፤ እናቴ ኢዱ ይለፍና እያለች ሳትሳፈርበት ቀረች።