ኑሪያና ጉበት ውስጥ የተኛው ወባ

አርብ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠውን ኑሪያን ወባ ደጋግሞ ጣላት። መድኃኒት ስትውጥ ይሻላታል፤ ወራት ቆይቶ ይመለስባታል። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዳ የጤና ባለሙያውን እሱባለውን፣ «ምነው አልለቅ አለኝ?» አለችው።

«እትዬ ኑሪያ፣ ወባን የሚያመጣው ተውሳክ መጀመሪያ ጉበት ይገባል» አላት። «ከፊሉ እዚያው ተኝቶ ይቀራል፤ ሌላው ወደ ደም ወጥቶ የቀይ የደም ሴሉን ገላ ይዳስሳል። የሚያውቀውን ምልክት ሲያገኝ ተጣብቆ ሰርስሮ ይገባል፤ እዚያው ይራባል። እስካሁን የዋጡት መድኃኒት የደሙን ገደለ፤ ጉበት ውስጥ የተኛው ግን ቀረ፤ እሱ ነው እየነቃ የሚመለስብዎት።»

የደሙን ከሚገድለው መድኃኒት ጋር የተኛውን የሚገድል ክኒን ሰጣት፤ ሳያቋርጡ ይጨርሱት አላት። ትኩሳቱ ወዲያው ለቀቃት። ክኒኑ ግን ሆዷን ያቃጥላት ጀመር።

ባሏ መሕቡብ «ድነሽ የለ? ተይው በቃ» አላት።

«የተኛው ሳይሞት አልተወውም!» ብላ የዕለቱን ክኒን ከምግብ ጋር ዋጠች። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም።

መስከረም ጠባ፤ ወባ የሚበዛበት ጥቅምትም አለፈ። ትኩሳቱ አልተመለሰም።