የልጄን የሰማይ ቅንጣት ለመስማት ወደ እንጅባራ

ከዳንግላ በማለዳ በጋሪ ተነሣሁ። ልጄ ስመኝ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቷን ልታቀርብ ነው። ከሰማይ ሳያቋርጥ የሚዘንብ፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት አለ። አልፎ አልፎ ግን የዚህ የተራው ቅንጣት ተቃራኒ የሆነ ሌላ ይመጣል፤ ከተራው ጋር ከተነካካ ሁለቱም ይጠፋሉ። አየራችን እንዳያጠፋው መሣሪያውን ጠፈር ላይ ሰቅለውታል። ስመኝ ከዚያ የሚወርደውን መረጃ ነው የምታየው። በስልክ «አባዬ፣ አንድ ሳላገኝ አልቀረሁም» ብትለኝ፣ እኔ «አገኘች!» ብዬ ዳንግላን አዳረስሁ።

ባለጋሪው ሞላ «አያ አለምነህ፣ ሰማዩንም ሊወርሱት ነው!» እያለ ያሾፋል።

«ፈረስህን ንዳ!» አልሁት።

ከጋሪው ወርጄ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ሰው በሰው ላይ ጭኖ፣ ከታሪፍ በላይ አስከፍሎ ሄደ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ፖሊሶች ለፍተሻ አወረዱንና ዝናብ ላይ ገተሩን። ረዳቱን ሰደብሁት፤ ወጣልኝ።

እንጅባራ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልቼ አዳራሽ ገባሁ። ስመኝ ቆመች። መሣሪያው ማግኔት አለው፤ ተራው ቅንጣት ወደ አንድ ጎን፣ ተቃራኒው ወደ ሌላው ይታጠፋል አለች። ቀጥላም «ያገኘሁት የመሰለኝ ተራ ቅንጣት ነው። መሣሪያው ውስጥ ተጋጭቶ መንገዱን ስለሳተ ነው ተቃራኒ የመሰለው» አለች።

ደሜ ፈላ። ደጅ ስትወጣ ያዝኋት።

«ማን ጠየቀሽ? መምህሮችሽ እንኳ ስሕተቱን አላዩትም!»

«እኔ አይቼዋለሁ፣ አባዬ።»

«ጠፈር ድረስ ወጥቶ የሚያጣራ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ለዚያ እኮ ነው እኔ መናገር ያለብኝ።»

ይሄ ይብስ አናደደኝ። ሳልሰናበታት ተሳፈርሁ።

ዳንግላ ስወርድ ሞላ ከባለጋሪዎቹ መሀል ሆኖ «እህስ አያ፣ ቅንጣቷን ይዘዋት መጡ?» አለኝ።

«አላገኘችም።»

ባለጋሪዎቹ ሳቁ። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ኖረች?» አለ ሞላ።

«ያልሆነውን አልሆነም ማለት! አንተ አንካሳ ፈረስ ጤነኛ ነው ብለህ የሸጥህለት ሰውዬ ዛሬም ይረግምሃል።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እኔ አልሳቅሁም፤ በጋሪውም አልተሳፈርሁም። በእግሬ ሄጄ ከቤቴ በፊት ባለሱቁ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። «አላገኘችም» አልሁት። «ራሷ አጣርታ፣ ራሷ በሰው ፊት ተናገረች።» ከዚያ ወደ ቀጣዩ በር አለፍሁ። ንዴቴ እንደሆነ አልበረደም፤ «አገኘች» ያልኋቸው ቤቶች ግን ገና ብዙ ናቸው።